በአውራ ጣቱ የፈረመው አጥቂ

ባለፈው እሑድ፣ ዛፉ ራሱ ጥላ በሚፈልግበት ሰዓት፣ ከቤቴ ትይዩ ያለው ዲሽ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ኳስ ልይ ብዬ አይደለም፤ ዓይኔ ተጫዋቹን ከዳኛው መለየት ካቆመ ቆይቷል። የገባሁት ቬንትሌተር ስላላቸው ነው። ቤቱ በወጣት ጢም ብሏል። ግማሾቹ ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የሚሠሩ ናቸው፤ መታወቂያቸውን እሑድ እንኳ ከአንገታቸው አያወልቁም። ጨዋታው ገና አልተጀመረም፣ ጭቅጭቁ ግን ተጨማሪ ሰዓት ውስጥ ገብቷል። የሚደግፉት አንድ የባሕር ማዶ ክለብ አለ። ድሮ ዋንጫ ማስቀመጫ አጥቶ ነበር ይባላል፤ አሁን እዚያ ክለብ ሥራ ያለው ዋንጫዎቹን የሚወለውለው ሰው ብቻ ነው።

«አጥቂ ያመጣሉ ብለን ክረምቱን ሙሉ ስንጠብቅ፣ ጉልበቱ ሁለቴ የተሰፋ ሽማግሌ ያስፈርሙልን!» ይላል አንዱ።

«ተወው አቦ! እኔ ዘንድሮ ስድስተኛ ከወጣን ጮቤ እረግጣለሁ» አለ ሌላው።

«አምና አራተኛ ወጣን ብለህ ራትህን አልበላም ያልከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«አምና ልጅ ነበርኩ።»

ይህን ጊዜ ሳቄ ከነሰው ሠራሽ ጥርሴ ሊያመልጠኝ ምንም አልቀረው። ወጣቶቹ ዞረው አዩኝ። «ቲቸር፣ ምን ያስቅዎታል? እርስዎ ደግሞ ኳስ ምን ያውቃሉ?» አሉኝ። ኳስ እንደማላውቅ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ አልተከራከርኩም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ቡድን ሲያንስ የደጋፊው ምኞት እንዴት አብሮት ደረጃ በደረጃ እንደሚወርድ፣ መጨረሻውም ላይ ሰው በምን እንደሚደሰት እኔን ጠይቁኝ አልኳቸው። ጠየቁኝ። ግማሹን ነገርኳቸው፣ ግማሹን ዋጥኩት። የዋጥኩት ሆዴን ሲቆርጠኝ ስለሰነበተ ሙሉውን እዚህ ላስፍረው።

«ወደብ» የሚባል ቡድን ነበረን። እኔ ጋምቤላ የገባሁት በመምህርነት ተመድቤ፣ አንድ የቆርቆሮ ሳጥንና እናቴ የሰጠችኝን ወፍራም ብርድ ልብስ ይዤ ነው። ብርድ ልብሱን አንድ ሌሊት አልለበስኩትም፤ አይጦች ግን እስካሁን ያመሰግኑኛል። ባሮ ዳር ያለው ወደብ መርከቡ ቀርቶበት ስሙ ብቻ ነበር የተረፈው፤ ስሙን ቡድኑ ወረሰው። ያኔ የጎሬው፣ የመቱው፣ የበደሌው ቡድን በጭነት መኪና ከደጋ ይወርድና የመጀመሪያውን አጋማሽ ከእኛ ጋር፣ ሁለተኛውን ከሙቀቱ ጋር ይጫወት ነበር። በረኛችን ጋትዌች እጆቹን ሲዘረጋ የጎሉ ቋሚዎች ትርፍ ይመስሉ ነበር። ቀኝ ክንፋችን ሲሮጥ የምታየው አቧራውን ነው፤ ሰውየው ቀድሞ ደርሷል። ሦስት ለባዶ አሸንፈን ስንመለስ «ምነው አራተኛው ቀረ?» ብለን አሠልጣኙን የምናኮርፍ ሰዎች ነበርን፤ ጥጋብ እንዲህ ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ለተጠባባቂነት ተሞክሬያለሁ። አሠልጣኙ አሥር ደቂቃ አይቶኝ፣ በትከሻዬ ይዞ ከሜዳ አወጣኝና «ቲቸር፣ ድምፅህ ጥሩ ነው፤ ደግፍ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ደጋፊ ነኝ። የድጋፍ ሠፈራችን ከድልድዩ ዝቅ ብሎ ያለችው የኢድሪስ በረንዳ ነበረች። ኢድሪስ ከወሎ በሠፈራ የመጣ ልብስ ሰፊ ነው። የቀበሌያችን ጸሐፊ፣ የደጋፊዎች ሊቀመንበርና የእኔ ጓደኛም እርሱ ነበር፤ አራቱንም ሥራ ከስፌት መኪናው ሳይነሳ ይሠራዋል። የቀበሌው ማኅተም ከክርና ከቁልፍ ጋር አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። የቡድኑን ማልያ የሚሰፋውም እርሱ ነው፤ ከሱዳን ከሚመጣ ሰማያዊ ጨርቅ። ቁጥሮቹን ከዕርዳታ ስንዴ ጆንያ ላይ ስለሚቆርጣቸው አንዳንዱ ቁጥር ላይ የባዕድ አገር ፊደል ያጮልቅ ነበር። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም፣ ክንድ የሚያህል አሳ በሁለት ብር፣ ጎረምሳው ሁሉ ኮንጎ ጫማ፣ እኔ ደግሞ ቀበቶው እምብርቴን አልፎ የሚታሰር ተርጋል ሱሪና ክሬም ሳፋሪ ኮት። በዚያ ሙቀት ኮት የምለብሰው መምህር መሆኔ በሩቁ እንዲታወቅልኝ ነው፤ የሚታወቀው ግን ላቤ ነበር። ጎል ሲገባ «ባሮ ሞላ፣ ማን ይሻገራል!» እያልን እንዘፍናለን፤ አኝዋኩም፣ ኑዌሩም፣ ደገኛውም በየራሱ ዜማ። አንድ ላይ ገጥሞልን አያውቅም። ግን ወንዙ ማዶ ድረስ ይሰማ ነበር።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ። እንዴትና በማን እንደተለወጠ የሚያውቁ ይጻፉት። እኔ የማውቀው ክልል ሆናችሁ መባላችንንና፣ ከዚያ በኋላ በከተማችን ከማንም በላይ ሥራ የበዛበት አናጢ እንደነበር ነው። በየሰፈሩ ጠረጴዛ ይሠራል። በየጭቃ ቤቱ በር ላይ «ቢሮ» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል። ከተማው ሁሉ ቫርኒሽ ቫርኒሽ ይሸት ነበር፤ ዛሬም አናጢ ቤት ሳልፍ ያ ጊዜ በአፍንጫዬ ይገባል። ቢሮ ደግሞ ሰው ይፈልጋል። የአገሬው ተወላጅ የሆነ፣ የተማረ፣ ሕዝብ የሚያውቀው ሰው ተፈለገ፤ ተገቢም ነበር፣ እስከዚያ ድረስ ወንበሩን ሞልተን የተቀመጥነው ከደጋ የመጣነው ነበርን። ታዲያ በጋምቤላ ከተማ ተወላጅ ሆኖ፣ ፊደል ቆጥሮ፣ ሁሉ የሚያውቀውና ሁሉ የሚወደው ማን ነው ቢባል፣ ከወደብ ተሰላፊዎች ሌላ ማን ሊመጣ ነው?

መጀመሪያ የተሾመው ቀኝ ክንፋችን ነው። በረንዳው ላይ በጭብጨባ ሸኘነው፤ ኢድሪስ የሹመት ሱሪ በነፃ ሰፋለት። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት ተከላካዮች ወደ ምክር ቤት ሄዱ፣ አሁንም አጨበጨብን፣ ድምፃችን ግን ቀነስ ብሏል። አማካዩ የእርሻ ቢሮ ሲገባ ያጨበጨብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አስተምሬዋለሁና ክብሬን ላስመልስ ብዬ። ጋትዌች የጤና ቢሮ ምክትል ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ግን ኢድሪስ መቀሱን ወርውሮ «አሁንስ መንግሥት በግልጽ ጎላችንን ከፈተው!» አለ። እኔም ሹመቱ እየተጠጋ ሲመጣ፣ ደገኛ መሆኔን እንኳ ረስቼ፣ ምናልባት በስህተት ብዬ አንድ ቀይ ከረባት ገዛሁ። ከሳጥኔ ውስጥ አሁንም አለች፤ እንደ ባለቤቷ ሳትሾም ጡረታ ወጥታለች።

በዚያ ዓመት መጨረሻ ከአሥራ አንዱ የቀሩን ሁለት ነበሩ። አንደኛው ጆሮው የማይሰማ፣ ሌላው ደግሞ መሾም እንቢ ያለ፤ ያም ቢሆን ኋላ ተለመነና ተሾመ። ተጫዋች ማስፈረም ግድ ሆነ። ለዚህ ሥራ አሠልጣኙ፣ ኢድሪስና እኔ ተመረጥን። መጀመሪያ ምኞታችን አዲስ አበባ ድረስ ይሄድ ነበር፤ «አንድ ታዋቂ አጥቂ ከሸገር እየመጣ ነው» የሚለውን ወሬ በረንዳው ላይ ያስወራሁት እኔ ነኝ፣ ማንም እየመጣ አልነበረም። ቀጥሎ ጅማ ይበቃናል አልን። ከዚያ ወደ ጎረቤት ወረድን። ከኢታንግ ጎበዝ አማካይ አመጣን፤ አሥረኛ ክፍል ጨርሶ ነበርና ወር ሳይሞላው የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነ። ከአቦቦ በረኛ አመጣን፤ ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ አራተኛው ላይ ለሥልጠና ተላከ። ያን ጊዜ ነው ኢድሪስ የማስፈረሚያውን ደንብ የቀየረው። ተፈታኙ ኳስ ሳይነካ በረንዳው ላይ ይቀመጣል፣ ኢድሪስ ከመነጽሩ በላይ ያየዋል።

«ስንተኛ ክፍል ነህ ወንድሜ?»

«ስምንተኛ ጨርሻለሁ።»

«ማሻአላህ። ሂድ፣ አላህ ይሹምህ፤ ለኛ አትሆንም።»

ስድስተኛ ክፍል ያለው ልምምድ ላይ ይታያል። ሦስተኛ ያለው ሻይ ይጋበዛል። «ስንት ጎል ታገባለህ?» የሚለው ጥያቄ ከነጭራሹ ተረሳ። እኔ መምህሩ፣ ዓመቱን ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ «ተማሩ!» እያልኩ የምጮኸው ሰው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ያልተማረ ሰው ስናገኝ እጄን አፋትግ ነበር። ኅሊናዬን የት ትቼው እንደምመጣ እንጃ፤ ብርድ ልብሱ ሥር ሳይሆን አይቀርም።

ኦጁሉ የመጣው እንዲህ ባለው ቅዳሜ ነው። ሃያ ሁለት ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከጎግ በእግሩ አቦቦ ድረስ፣ ከዚያ በጭነት መኪና። ረጅም ነው፣ ግን በጋምቤላ ረጅም መሆን ሙያ አይደለም። ሙያው ሌላ ነበር፤ ኳሷ ከእግሩ ሥር ስትሆን ወዴትም የመሄድ አሳብ ያልነበራት ትመስላለች። ኢድሪስ ጠየቀው።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

ኦጁሉ መሬት መሬት አየ። «እኔ ትምህርት ቤት የለም» አለ።

«ስምህን መጻፍስ?»

ራሱን ወዘወዘ። ኢድሪስ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ «አልሐምዱሊላህ!» አለ። የማስፈረሚያውን ደብተር አወጣን። የትምህርት ቤቱን የማኅተም ቀለም ይዤ የመጣሁት እኔ ነኝ። ረጅሙን አውራ ጣቱን ያዝኩና ቀለሙ ውስጥ ነክሬ፣ ደብተሩ ላይ ሁለት ጊዜ አሽከረከርኩት። በረንዳው በእልልታ ቀለጠ። ለአንድ ሰው መሃይምነት እንዲያ የተጨፈረበት አገር ያለ አይመስለኝም። በመጀመሪያው ጨዋታ አራት አገባ። በሁለተኛው ሦስት። ምኞታችን እንደገና ከመሬት ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፤ የክልሉ የከተሞች ዋንጫ መጨረሻ ላይ ከመቲ ጋር ልንገናኝ ሆነ። መቲዎች፣ የደጋው መቱ ሳይሆን የኛው ክልል መቲ፣ የቡና አገር ሰዎች ናቸው፣ የሰባ ተከላካይ አላቸው። ጨዋታው እሑድ ነበር።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስመለስ ኦጁሉ የጤና ቢሮው ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ አየሁት። ቆሞ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ። ዓይኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ መስመሩ ሲያልቅ ይመለሳል። መምህር ነኝ፤ የሚያነብ ዓይን ከሚያይ ዓይን በመቶ ክንድ ርቀት እለያለሁ። እርሱም አየኝ፣ ተከትሎኝ ቤቴ ድረስ መጣ።

«ቲቸር፣ እኔ ዋሸሁ» አለ፣ ገና በሩ ላይ። ከሸሚዙ ውስጥ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ፤ የስምንተኛ ክፍል ካርድ፣ ውጤቱም ከእኔ የበለጠ። «ሰዎች ነገሩኝ፣ ኢድሪስ ስምንተኛ ክፍል አይፈልግም። እኔ ኳስ መጫወት ፈለግኩ። ስለዚህ ዝም አልኩ።»

«አሁንስ ምን ፈለግህ?» አልኩት፣ መልሱን እያወቅሁ።

ማስታወቂያው ስምንተኛ ክፍል የጨረሱ ወጣቶችን ለጤና ረዳትነት ያሠለጥናል ይላል። ቅጹን መምህር ወይም ቀበሌ አረጋግጦ ይፈርምበታል፤ እስከ ዓርብ ማታ ቢሮው ካልገባ ቀረ። የተመዘገቡት ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ተጭነው ወደ ደጋ ይወጣሉ። ቅዳሜ ጠዋት! ዋንጫው እሑድ ነው።

«ሌላ ጊዜ ሥልጠና ይኖር ይሆናል እኮ» አልኩት።

«ይኖር ይሆናል» አለ። «የእኛ መንደር መርፌ የሚወጋ ሰው የለም። ሰው ሲታመም በአልጋ አድርገን አቦቦ እንወስዳለን። ባለፈው ክረምት እህቴን ተሸከምኩ፣ ሁለት ቀን። እሷ ደረሰች። ሌላ ሰው ደግሞ ነበረ፣ እሱ አልደረሰም» አለኝ። ይህን ሲናገር እንደማንኛውም የመንገድ ወሬ ነው የተናገረው።

ሞልቶ የያዘውን ቅጽ እዚያው ፊቱ ፈረምኩለት። እስከዚህ ድረስ ሰው ነበርኩ። ከዚያ ቅጹን ሊወስድ እጁን ሲዘረጋ፣ አፌ ከእኔ ቀድሞ «ተወው፣ እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ። አንተ ልምምድህን ሥራ፤ ጋትዌች ወዳጄ ነው» አለ። ኦጁሉ ዓይኔን አየኝ፣ ካርዱን ጠቀለለና አመስግኖ ሄደ። እኔም ቅጹን አጥፌ የሳፋሪ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ሐሙስ አላደረስኩም። ክፍል አለብኝ አልኩ፤ ክፍል የነበረኝ እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጤና ቢሮውን በር ሁለት ጊዜ አለፍኩት፣ ሁለቴም በሌላው የመንገድ ዳር። ለራሴ የማልነግረው ነገር አልነበረም። ሥልጠና በየዓመቱ አለ፣ ዋንጫ ግን በየዓመቱ የለም። ልጁ ራሱ ቢያሸንፍ ደስ ይለዋል። ሁለት ቀን ብቻ፤ እሑድ ማታ ለጋትዌች አስረዳለሁ፣ እርሱም የወደብ ሰው ነው፣ ይገባዋል። አንድ ሰው ክፉ ሥራ ሊሠራ ሲያስብ እንዴት ያለ ጠበቃ እንደሚወጣው! እኔ ፍርድ ቤት ብቀጠር ኖሮ ተሾሜ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ ኢድሪስ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ደጋፊው ሁሉ ኦጁሉ ስንት እንደሚያገባ ይከራከራል። ላቤን ልጠርግ መሐረብ ፍለጋ ኪሴን ስዳስስ እጄ ወረቀቱን አገኘው። እርጥብ ሆኗል፤ ሁለት ቀን የኮቴን ላብ ጠጥቷል። ዞር ብዬ ከግድግዳው ጀርባ ገለጥኩት። ረቡዕ ዕለት ስፈርም ፊርማዬን ብቻ ነበር ያየሁት፤ ጽሑፉን ያየሁት ያኔ ነው። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ወረዳውን፣ ሁሉን በራሱ እጅ ሞልቶታል። ያን የመሰለ የእጅ ጽሑፍ ከተማሪዎቼ አላየሁም። ፊደሎቹ ቀጥ ብለው ቆመዋል፣ «ጎ» እና «ግ» ጎን ለጎን እንደ ወንድማማች። ላቤ ደርሶበት «ለምን መሠልጠን ፈለጉ?» ከሚለው ሥር ያለው መልስ ሰማያዊ ሆኖ መፍሰስ ጀምሯል። እኔ ደግሞ ይህን የሚጽፈውን እጅ ይዤ አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሬዋለሁ።

መምህር ነኝ አልኩ አይደል? ሌላ ነገር ሁሉ ይቅር፤ መምህር ሆኖ ያን ጽሑፍ ሲጠፋ ቆሞ የሚያይ ሰው የለም። ሮጥኩ። በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሮጬ አላውቅም፤ አሠልጣኙ ያን ቀን ቢያየኝ ውሳኔውን ያጥፍ ነበር። አንድ ጫማዬ መንገድ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ «ቲቸር፣ ምን ሆንክ? ማን ሞተ?» ይላል። ቢሮው ስደርስ በሩ ተዘግቷል፣ ዘበኛው መስኮት ይቆልፋል። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የዚያን ልጅ ዕድል በኪሴ ይዤ አበሰበስኩት አልኩ፤ ዕድሉን ብቻም አይደለም፣ የዚያን መንደር ሰው ሁሉ።

«ቲቸር!» የሚል ድምፅ ከኋላዬ ሰማሁ። ጋትዌች ነው፤ ከረባቱን አውልቆ በትከሻው ላይ ጥሎታል። «አንተ ለምን ትሮጣለህ? በአንድ እግር ጫማ?»

እያለከለክሁ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። «ጋትዌች፣ የኔ ጥፋት ነው፣ የልጁ አይደለም። ከረቡዕ ጀምሮ እኔ ነኝ የያዝኩት። ለእሑዱ ጨዋታ ብዬ። እባክህ መዝግበው፤ የፈለግከውን ቅጣኝ።»

ጋትዌች እርጥቡን ወረቀት በሁለት ጣቱ እንደ ዓሣ አንጠልጥሎ አየው። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ያ ድሮ ኳስ ሲይዝ የሚስቀው ትልቅ ሳቅ። ዘበኛውን በሩን አስከፈተ፣ ከጠረጴዛው ላይ መዝገብ አወጣና ገለጠልኝ። የኦጁሉ ቅጽ እዚያ አለ። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ሐሙስ ጠዋት የገባ። ከሥሩ የቀበሌው ማኅተም፣ ከማኅተሙ ጎን የኢድሪስ ፊርማ።

«ልጁ ሌላ ቅጽ ወሰደ። ቀበሌ ሄደ» አለ ጋትዌች። «እኔ ጠየቅሁት፣ ለምን ቲቸር አልፈረመም? እሱ አለ፣ ቲቸር ጥሩ ሰው ነው። ግን ደጋፊ ነው።»

ወጥቼ በዚያ ደረጃ ላይ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። እፍረቱ አለ፤ ግን ከእፍረቱ ቀድሞ የመጣው ሌላ ነገር ነው። ከደረቴ ላይ አንድ ኩንታል የወረደ ያህል ተነፈስኩ። ክፉ ነገር ሠርቼ፣ ክፋቴ ማንንም ሳያገኝ መቅረቱ! እግዜር አንዳንዴ ለሞኝ እንዲህ ያደርግለታል። ጋትዌች ሻይ አዘዘልኝ፣ በአንድ ትንፋሽ ልጨልጠው ስል ግማሹን ኮቴ ጠጣው።

በአንድ ጫማ ተመልሼ ኢድሪስ ላይ ጮህኩ። «አንተ ሰውዬ! ዋንጫችንን በቀበሌ ማኅተም አትመህ ሸኘኸው?»

ኢድሪስ ከስፌት መኪናው ቀና አላለም። «ምን ላድርግ የኔታ? ልጁ ካርዱን ይዞ መጥቶ ፊቴ ቆመ። ወላሂ፣ ማኅተሙን ሦስት ጊዜ አነሣሁት፣ ሦስት ጊዜ መሳቢያው ውስጥ መለስኩት። በአራተኛው አረፈ።»

«ለእኔስ አትነግረኝም?»

«ላንተማ ብነግርህ ማኅተሙን ትሰርቀኛለህ!» አለ። ከዚያ እግሬን አየና ስፌቱን አቆመ። ወደ መሬት እያየ ከንፈሩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ መሆኑን በኋላ ነው ያወቅሁት።

ቅዳሜ ጠዋት ኦጁሉን ወደ መኪናው ሸኘሁት። ሠልጣኞቹ በየጨርቅ ሻንጣቸው ላይ ተቀምጠዋል። ኦጁሉ ሲያየኝ ወረደ። ሰው ፊት ላለመናገር ብዬ ራቅ አድርጌ ወሰድኩትና «ኦጁሉ፣ ያን ወረቀት እኔ...» ስል አቋረጠኝ።

«አውቃለሁ» አለኝ። «ትናንት ሮጥክ አሉ። ጋትዌች ነገረኝ።» እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ፤ በዕድሜ አባቱ ባልሆንም አጎቱ እሆናለሁ፣ ግን ያን ጊዜ እርሱ ነበር ትልቁ። «ቲቸር፣ የመቲ በረኛ በቀኝ በኩል ቀስ ይላል። ዝቅ አድርገው ይምቱ። ንገራቸው» አለና መኪናው ላይ ወጣ። ሥልጠናውን ጨርሶ ጎግ ተመደበ። ከዚያ ወዲህ ከዚያ በኩል የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር እጠይቃለሁ፤ አልጋ ተሸክሞ አቦቦ የሚሄድ ሰው እንደቀነሰ ይነግሩኛል። እኔም ምንም እንዳልሠራ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ፤ በእርግጥም ምንም አልሠራሁም።

እሑድ ሜዳው ጢም አለ። ወሬው በሌሊት ተዳርሶ ስለነበር ማንም «ኦጁሉ የታለ?» አላለም። በእርሱ ፈንታ አጥቂ ሆኖ የተሰለፈው ያ ጆሮው የማይሰማው ተከላካያችን ነው። ኦጁሉ የሰጠኝን ምክር ለተጫዋቾቹ በትክክል አስተላለፍኩ፤ ዝቅ አድርገው መቱ፣ ኳሷ ግን ጎሉ ጋ ሳትደርስ ትቆም ነበር። የመቲው ቡድን ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ አገባ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ድንጋይ የሚያነሣው ደጋፊ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ዝምታው ግን የኀዘን አልነበረም፤ ሰዉ ሁሉ እግሩን ዘርግቶ፣ ሸንኮራውን እየላጠ፣ ከዓመታት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታ የሚያይ ነበር የሚመስለው። ማን ይወሰድብናል ብሎ የሚሠጋ የለም።

ሁለተኛው ጎል ሲገባ ኢድሪስ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፋና ጋደም አለ።

«አየህ የኔታ፣» አለኝ፣ «አሁን ሜዳው ላይ የሚሾም አንድም ሰው የለንም። እስቲ አርፈን እንሸነፍ።»

አርፈን ተሸነፍን። እንደዚያ ቀን ቅልል ብሎኝ ከሜዳ ወጥቼ አላውቅም።